የሦስተኛው ጥቅል ደብዳቤ

ለዓይን ቆብ ተሰጥቶታል፤ ለጆሮ ግን መክደኛ አልተሠራለትም። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ያን ዕለት ጠዋት ይሄንን በራሷ አየችው። ከዳይሬክተሩ ቢሮ የሚለያት አንድ ስስ የቺፑድ ግድግዳ ነው። ሰውየው ሲያስነጥስ ከወዲህ ሆና «ይማርዎት» ትላለች፤ ሻዩን ፉት ብሎ ዝም ካለ ስኳር እንዳነሰው ታውቃለች። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ቺፑድ በኩል ያልሰማችው ጉድ የለም፤ የሰማችውን ሁሉ ደግሞ ማታ ከማኅተሙ ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው። ያን ዕለት ግን ዳይሬክተሩ እጁ ወረቀት ላይ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎታል። ከወዲያ የሚናገረው የአስጎብኚ ድርጅቱ ሰው ነው።

«የድሮው ደረጃ እኮ ተዘግቷል። ከዝናቡ ወዲህ መሐሉ ተንዷል፣ ገመድ ወጥረውበታል። ባለፈው ወር አንድ ጎብኚ ወድቆ ወገቡን ተሰብሯል።»

«ገመዱን የሚጠብቅ ሰው አለ?»

«በጠዋት ማን ይኖራል? ጥበቃዎቹ የሚመጡት ሦስት ሰዓት ነው።»

«እንግዲያው በጠዋት ይለፉ። ልጆች እኮ ናቸው፤ እንደ ፍየል ነው የሚዘሉት።»

«እኔ ኃላፊነት አልወስድም።»

«አትውሰድ። ወላጅ ይፈርማል» አለ ዳይሬክተሩ፤ ሻዩንም ፉት አለ።

ነገሩ የተማሪዎች ጉዞ ነው። ከከተማው ብዙ ርቆ፣ ተራራ ጫፍ ላይ፣ የጥንት ሰዎች በድንጋይ የገነቡት ከተማ ፍርስራሽ አለ፤ ጣሪያ የሌለው የንጉሥ አዳራሽ፣ ከአለት የተፈለፈለ የውኃ ጉድጓድ፣ በር ብቻውን የቀረበት ግንብ። በየዓመቱ የሚሄዱት የደላቸው ልጆች ነበሩ። ዘንድሮ ዳይሬክተሩ በቦርዱ ፊት ቆሞ «ገንዘብ የለውም ተብሎ የሚቀር ልጅ አይኖርም» ብሎ ማለ። መሐላው ከልቡ ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ በቀለለ። እናም ጉዞውን በሦስት ጥቅል ከፈለው። አንደኛው ጥቅል አስራ ሁለት ሺህ፦ ሁለት ሌሊት ሆቴል፣ እስከ ላይኛው በር የሚያደርስ መኪና፣ አስጎብኚ፣ ምግብ። ሁለተኛው ስድስት ሺህ፦ አንድ ሌሊት በወጣቶች ማደሪያ፣ ሚኒባስ፣ ለግማሽ ቀን አስጎብኚ። ሦስተኛው አንድ ሺህ ስምንት መቶ፦ በውድቅት ተነስቶ በዚያው ቀን መመለስ፣ ምሳ ከቤት፣ አውቶቡሱ ከተራራው ሥር ያወርዳቸውና ከዚያ በእግር። ወደ ላይኛው በር በመኪና ለመውጣት የሚከፈለው ሂሳብ ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም። በእግር የሚወጣበት መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ያ የድሮው ደረጃ። ዘጠኝ መቶ ምናምን ደረጃ፣ በቀኝ አለት፣ በግራ ባዶ አየር። ዝርዝሩን የተየበችው ራሷ ጸሐፊዋ ናት። አስራ አራት ልጆች። ስድስተኛው ስም የልጇ ነው።

ይቺ ሴት ድሮም ደፋር አይደለችም። ታክሲ ውስጥ መልስ ሲያጎድሉባት ዝም፣ ወረፋ ሲቀድሟት ዝም። «ፈሪ ለእናቱ» ይላል ተረቱ፤ እናቲቱ ራሷ ፈሪ ስትሆን ለማን እንደምትሆን ግን ተራቹ አልነገረንም። የምትፈራውም ያለ ምክንያት አይደለም። ልጇ በዚያ ትምህርት ቤት የምትማረው በነፃ ነው፤ የሠራተኛ ልጅ ስለሆነች። የእናትየዋ የሥራ ውል በየዓመቱ ይታደሳል፤ የሚያድሰው ዳይሬክተሩ ነው፤ ሊታደስ የቀረው አንድ ወር ነው። አንድ ቃል ብትናገር፣ ሰውየው ብዕሩን ሳያነሳ ቢቀር፣ እሷም ልጇም በአንድ ቀን በር ላይ ናቸው። ባትናገር ደግሞ ያ ደረጃ አለ። ሁለቱን ፍርሃት ግራና ቀኝ ይዛ የኮምፒውተሩን ሰሌዳ ስታይ ፊደሉ ሁሉ ጠፋባት።

ዳይሬክተሩ ራሱን በበሩ አስገባ። «ለሦስተኛው ጥቅል ወላጆች የስምምነት ደብዳቤ አዘጋጂ። ‹ጉዞው የእግር መንገድን ያካትታል› በይና እለፊው። ዝርዝር አታብዢ፤ ወላጅ ዝርዝር ሲበዛበት ይደነግጣል።»

ልትናገር አፏን ከፈተች። እግዜር ያሳያችሁ፣ በእርግጥ ልትናገር ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «በስንት ኮፒ ይሁን?» የሚል ነው።

«በአስራ አራት። ከሰዓት በኋላ እፈርመዋለሁ።»

በዕረፍት ሰዓት ልጇ መስኮቱ ሥር መጣች። የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ እንደ እናቷ አይደለችም፣ ፍርሃት የሚባለውን ከየት እንደዘለለችው እንጃ። የዚያን ፍርስራሽ ሥዕል ከመጽሔት ቆርጣ የልብስ ቁም ሣጥኑ መዝጊያ ላይ ከለጠፈች ሁለት ዓመት ሆናት። አሁን ላብ አጥምቋት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ትስቃለች። እሷና የዘበኛው ልጅ ለዘጠኝ መቶው ደረጃ እየተለማመዱ ነው፤ ባለ አራት ፎቁን ሕንፃ ከታች እስከ ላይ እየሮጡ መውጣት፣ እየሮጡ መውረድ። «ዛሬ ስምንት ጊዜ ደረስን! አስር ጊዜ ከቻልን ተራራው ምንም አይለንም» አለች። ከዚያ እግሯን ወደ መስኮቱ አነሳች። ልብስ ሰፊዋ አክስቷ ከአንዲት ደንበኛዋ የተዋሰችላት የስፖርት ጫማ ነው፤ አንድ ቁጥር ይበልጣታል። «ጫፉ ላይ ካልሲ ጠቅጥቄበት ልክክ ብሏል፣ እዪው እማ።» እናቷ አየችው። ጫማው ከተረከዝ በኩል ሲላቀቅ፣ ሲመለስ፣ ሲላቀቅ አየችው። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ቀስ እያልሽ» ብላ መስኮቱን ዘጋችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ታላቅ እህቷ ሄደች። እህትየዋ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ልብስ ትሰፋለች፤ ሱቁ አንድ ክፍል ነው፣ ከጀርባው ሌላ አንድ ክፍል አለ፣ የጸሐፊዋ ባል ከሞተ ጀምሮ እሷና ልጇ የሚኖሩት በዚያ በጀርባው ክፍል ነው። የቤት ኪራይ ተጠይቀው አያውቁም። ያልተጠየቁት ነገር ግን ሁልጊዜ በመሐላቸው ይቀመጣል፤ አብሮ ምሳ ይበላል። እህትየዋ ዳቦ በእንቁላል አቅርባ፣ ጨርቁን ከማሽኑ ሳታነሳ፣ በእግሯ እየረገጠች አዳመጠቻት። ጸሐፊዋ ሁሉንም ነገረቻት፤ ገመዱን፣ ወገቡን የተሰበረውን ሰው፣ ፍየል የተባሉትን ልጆች። ማሽኑ እስከ ጨርቁ ዳር ሄዶ ቆመ። እህትየዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«የጉዞው ቀን አመመኝ ትበል፤ አስቀሪያት።»

«ሌሎቹስ፣ እታለም?»

«ሌሎቹ እናት የላቸውም?» አለች እህትየዋ። «ስሚኝ። እኔ ጨክኜ አይደለም። አንቺ ከዚያ ቦታ ብትባረሪ ይቺ ልጅ የት ትማራለች? እኔ በመርፌ እስከየት እችላለሁ? ዝም አይነቅዝም። ዝም በይ።»

ማሽኑ እንደገና ተነሳ። ጸሐፊዋ ዳቦውን በጣቷ እየቆረሰች ሳህኑ ላይ ደረደረችው እንጂ አልበላችውም። እህቷ ትክክል ናት፤ ክፋቱም እሱ ነው። ይቺው እህቷ ናት ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት፣ ሰው ለምና ሥራ ያስገባቻት። ሳህኑን አንስታ ልታጥብ ስትል «ተዪው፣ ሰዓት ይረፍድብሻል» ተባለች። ወጣች። ነገሩ መፍትሔ አገኘ፤ ልጅቷ ታማለች፣ በቃ። ግልግል ነው። እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ በእርግጥ ቀለል ብሏት ነበር። መታጠፊያው ላይ ግን ስሞቹ መጡ። የተየበቻቸው ናቸዋ፤ በቃሏ ታውቃቸዋለች። አንዷ መነጽር የምታደርገው። አንዱ ገና ድምፁ ያልጎረነነው። ሁለት መንትዮች። ሰባተኛው የዘበኛው ልጅ ነው፤ ከልጇ ስም ቀጥሎ፣ እንደ ወትሮው ጎን ለጎን። አስራ አራት ሲቀነስ አንድ አስራ ሦስት ነው። አስራ ሦስት ልጅ ከነምሳው።

በሩ ላይ ዘበኛው ብድግ አለላት። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ጨዋታ አዋቂ። «እትዬ፣ ልጄ ሌሊት እንኳ በእንቅልፉ ደረጃ ይቆጥራል» አላት እየሳቀ። «አባቱ ዕድሜ ልኩን በር ሲከፍት፣ እሱ ደግሞ የንጉሥ አዳራሽ ሊገባ! ወላዋይ ጉልበት ባይኖረኝ እኔም እከተላቸው ነበር።» «ይሁን እንጂ ጋሼ» አለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ራሷም አታውቅም። ፊቱን ሳታይ አለፈች። ደረጃውን ስትወጣ፣ አራት ፎቅ አይደለም፣ አስራ ስምንት ደረጃ ብቻ፣ የእጅ መደገፊያውን ጨምድዳ ይዛ ነበር።

ደብዳቤውን መተየብ ጀመረች። «ጉዞው የእግር መንገድን ያካትታል።» ነጥብ። እጇ ግን ከሰሌዳው አልነሳ አለ። መጻፍ ከመናገር ይቀላል፤ ለፈሪ ሰው በተለይ። የመንግሥት ደብዳቤ የምትጽፍ ይመስል ወገቧን ቀና አድርጋ ቀጠለች፦ «የድሮው ደረጃ በመፍረሱ ምክንያት ለጎብኚዎች የተዘጋ ሲሆን፣ የሦስተኛው ጥቅል ተማሪዎች የሚወጡት በዚሁ በተዘጋው ደረጃ፣ ጥበቃዎች ከመድረሳቸው በፊት፣ ያለ አስጎብኚ መሆኑን እንገልጻለን።» አንብባ ደነገጠች። አጠፋችው። መልሳ ጻፈችው። ሁለተኛ እንዳታጠፋው ፈርታ ቶሎ ብላ አስራ አራቱንም አተመች፤ ወረቀቱ ሲወጣ ማተሚያው የሚያሰማው ድምፅ ሕንፃውን ሁሉ የሚጠራ መሰላት።

እንግዲህ ዳይሬክተሩ አንድ ልማድ አለው። እሷ ያቀረበችለትን ወረቀት አያነብም። «አንቺ ካነበብሽው በቃኝ» ይላታል። እሷም በዚህ ስትኮራ ኖራለች፤ በቤቱ ያላት ክብር ይቺው ናት። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ስታኖር ግን እንኳን ክብር ትንፋሽም አልነበራትም። ሰውየው ስልክ በትከሻውና በጆሮው መሐል አጣብቆ፣ ስለ አንደኛው ጥቅል ሆቴል ቁርስ እየተከራከረ፣ መፈረም ጀመረ። አንድ። ሁለት። ወረቀቱን ከሥር ከሥሩ ትስብለታለች። ዘጠነኛው ላይ ቆመ። ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተከለ። የተያዘች መሰላት። እሱ ግን ብዕሩን አራገፈ፤ ቀለሙ አልቆ ኖሯል። «ሌላ ብዕር» አላት በጣቱ። የራሷን ሰጠችው። አስራ አራቱን ፈርሞ መለሰላት። ወጥታ ማኅተሙን መታችባቸው፤ ሁለቱን አጣምማ መታቻቸው፤ በአስራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ደብዳቤዎቹን ራሷ ለልጆቹ አደለች። ወደ ወንበሯ ተመልሳ ጠበቀች። አሁን ስልኩ ይጮሃል፤ አሁን አንዱ አባት በሩን በርግዶ ይገባል፤ አሁን ዳይሬክተሩ ይጠራታል። ግን ተናግራለች፤ በወረቀት ቢሆንም ተናግራለች። የመውጫው ደወል ተደወለ። ሩብ ሰዓት አለፈ። በሩ ተንኳኳ። መነጽር የምታደርገዋ ልጅ ናት። «እናቴ በር ላይ ጠብቃኝ ነበር። ፈርማለች» ብላ ወረቀቱን አኖረች። ቀጥሎ መንትዮቹ መጡ፤ ባለ ታክሲው አባታቸው የታክሲው ኮፈን ላይ አስደግፎ ፈርሟል። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ድምፁ ያልጎረነነው፤ የእናቱ ፊርማ ጎርበጥ ጎርበጥ ብሏል፣ በልጁ ጀርባ ላይ ነው የፈረመችው። አምስት ደብዳቤ። ስልኩ አልጮኸም። ሊጠይቅ የመጣ ወላጅ የለም። ጸሐፊዋ የራሷን ዓረፍተ ነገር በአምስቱም ላይ ፈልጋ አየችው፤ እዚያው አለ፣ ከሥሩ ፊርማ አለ። ከጠዋቱ ፍርሃት የባሰ ፍርሃት ያዛት። አሁን ሕጋዊ ሆነ ማለት ነው። ወላጅ ፈርሟል። ያስፈረመችውም እሷ ናት።

ቦርሳዋን አንስታ እየሮጠች ወረደች። ግቢው ውስጥ ልጇ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «እማ፣ የኔን ፈርሚልኝና አሁኑኑ ላስገባው።»

«አነበብሽው?»

«አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?» አለች ልጅቷ ግር ብሏት።

እናትየዋ እጇን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። የዘበኛው ልጅ አባቱ ጎን ቆሟል፤ ዘበኛው የሱን ወረቀት በሁለት እጁ ለጸሐፊዋ ዘረጋላት። «ይኸው እትዬ፣ ፈርሜያለሁ። ፊርማዬ ቢያስቅም ፊርማ ነው።»

«አንብበውታል ጋሼ?»

ሰውየው አፈረ። «ማንበቡንስ ትንሽ ትንሽ አነብ ነበር። ግን እርስዎ የጻፉትን ገልብጬ ሳነብ፣ አላምንዎትም ማለት አይሆንብኝም? ነውር አይደለም እንዴ?»

ይሄኔ ገባት። ሰዎቹ ሰነፎች አይደሉም። አስራ አንድ ዓመት አንድም ነገር ያላጎደለች፣ አንድም ሰው ያላስቀየመች፣ ድምጿ የማይሰማ ጸሐፊ፤ የሷ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማን ያነባል? ዝምታዋን ነው አምነው የፈረሙት። ልታለቅስ ደረሰች። ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበረም።

«ላንብብልዎት» አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። አነበበች። «የድሮው ደረጃ በመፍረሱ ምክንያት…» ዘበኛው መጀመሪያ በአክብሮት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ፤ «ያለ አስጎብኚ» ስትል ቀና አለ። ልጁን አየ፤ እግሩን፣ ከዚያ ፊቱን። ልጇ እጇን ከእጇ አላቀቀች። «እማ፣ ምን እያልሽ ነው? እንዳንሄድ ነው?» አለች፤ ዓይኗ ሞላ። እናትየዋ ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም።

ከኋላ የመኪና ጡሩምባ ጮኸ። የዳይሬክተሩ መኪና ነው፤ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው። ዘበኛው ጡሩምባ ሰምቶ በሩን ሳይከፍት የቀረበት ቀን የለም። እጁ ከልማዱ ወደ መወርወሪያው ሄደ። መሐል መንገድ ላይ ቆመና ተመለሰ።

«አንዴ ይታገሱኝ፣ ጌታዬ» አለ ጮክ ብሎ። «ደብዳቤ እየተነበበልኝ ነው።»

ዳይሬክተሩ መስኮቱን አወረደ። «የምን ደብዳቤ?»

ጸሐፊዋ ዞረች። ውሉ፣ ወሩ፣ የልጇ ደብተር፣ የእህቷ ማሽን፣ ሁሉም በአንድ ላይ ዓይኗ ላይ መጣ። «እርስዎ የፈረሙት» አለች።

የመንትዮቹ አባት ከታክሲው ወርዶ ቀረበ። ልጇን ልትወስድ የመጣች አንዲት እናት ከቦርሳዋ ወረቀቷን አውጥታ ዓረፍተ ነገሩን መፈለግ ጀመረች። ሌሎችም ቆሙ። ዘበኛው በሩን በጀርባው ተደግፎ «ከመጀመሪያው ይድገሙልን፣ እትዬ፤ ሁሉም ይስማ» አላት። ወረቀቱ በእጇ ስለተንቀጠቀጠ ልጇ ጠጋ ብላ አንዱን ጫፍ ያዘችላት፤ እያለቀሰች ነው፣ ግን ያዘችላት። ጸሐፊዋም «ለሦስተኛው ጥቅል ተማሪዎች ወላጆች በሙሉ» ብላ ከላይ ጀመረች።